ሳልሳ በቢላዋ፣ ሳልሳ በድንጋይ

ሜክሲኮ ውስጥ ማዕዱ ላይ ሳልሳ ከሌለ ምግብ ቀረበ አይባልም። ባቄላው፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ቶርቲያ የሚሉት ቂጣቸው ሁሉ ለዘብ ብሎ ይሠራና ማቃጠሉንም መኮምጠጡንም በትንሽ ሳህን ለተቀመጠው ማባያ ይተውለታል። ተመጋቢው የፈለገውን ያህል ራሱ ይጨምራል። የምናወራው በቆርቆሮ ታሽጎ ስለሚሸጠውና ወጥ ስለምናቀላበት የቲማቲም ድልህ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልብ ይሏል። የዚህ ጽሑፍ ሳልሳ በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ የሚበላው ነው።

የሚገባበት ነገር ጥቂት ነው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሎሚ፣ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ የድንብላል ቅጠል። አብዛኛው ዛሬውኑ በየሐበሻው ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ታዲያ ከጾም ቀን የቲማቲም ሰላጣችን በምን ይለያል? ዘይት ስለማይገባበት፣ እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ ማባያ ስለሚበላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሠራሩ ሲለወጥ ጣዕሙ ከሥሩ ስለሚለወጥ ነው። ያው ቲማቲምና ያው ቃሪያ በቢላዋ ሲከተፍ አንድ፣ በድንጋይ ሲወቀጥ ሌላ፣ ምጣድ ላይ ጠቁሮ ሲወቀጥ ደግሞ ሦስተኛ ማባያ ይሆናል። ሳልሳ መሥራት መማር ማለት እነዚህን መንገዶች ለይቶ ማወቅ ነው፤ መጠኑንማ ምላስ ያስተምራል።

ስፔኖች ሳይመጡም ማባያው ነበረ። በርናርዲኖ ዴ ሳአጉን የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ በ1529 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሜክሲኮ ገብቶ ከናዋ ተወላጅ ተማሪዎቹ ጋር የአገሬውን ኑሮ በራሱ በናዋትል ቋንቋ አስጻፈ። በ1577 ገደማ የተጠናቀቀውና ዛሬ ፍሎረንስ ከተማ ተቀምጦ የሚገኘው ይህ ትልቅ መጽሐፍ የገበያውን ነጋዴዎች በየተራ ሲያነሳ ማባያ ሻጩንም ቲማቲም ሻጩንም አልዘለለም። ደህናው ቲማቲም ሻጭ ትልቁንም ትንሹንም፣ ቢጫውንም ቀዩንም ይዞ ይቀርባል። መጥፎው ግን የተቀጠቀጠውን፣ የበሰበሰውን፣ ሆድ የሚያስኬደውን፣ ገና ያልበሰለውን ጥሬ ይሸጣል። ቲማቲም ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ከሥር የተደበቀውን ያገኘ ሰው ዛሬም የሚያጉረመርመው ይህንኑ ነው።

ከዕቃዎቹ መካከል ቲማቲሙና ቃሪያው የአገሩ ናቸው። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንብላሉና ሎሚው የስፔን መርከብ ያሻገራቸው እንግዶች ናቸው። ቃሪያው በበኩሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ባሕር ተሻግሮ እኛም ዘንድ ደረሰ። በርበሬ ያለን ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረውን የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ለማሰብ ራሱ ይከብዳል።

ከቢላዋው እንጀምር። በቢላዋ የሚሠራው ሳልሳ በውጭ አገር ፒኮ ዴ ጋዮ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ስለሆነ የሰንደቅ ዓላማ ሳልሳ የሚሉትም አሉ። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ የመካከለኛ ሽንኩርት ግማሽ፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ጭብጥ የድንብላል ቅጠል፣ የሁለት ትንንሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ሜክሲኮዎች የሚጨምቁት ትንሹን፣ ልጣጩ ስሱን ሎሚ ስለሆነ እኛ ዘንድ በሎሚ በኩል ችግር የለም።

ሁሉም ነገር ቲማቲሙ ላይ ይወድቃል። ጠጠር ያለ፣ ግን እስከ ውስጡ የቀላ ይመረጣል። ሞላላው ሮማ ሥጋው ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ለዚህ ይስማማል። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ቲማቲም ግን ለሳልሳ አይሆንም። ቲማቲም ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለቀናት ሲቀመጥ መዓዛውን የሚሠሩት ንጥረ ነገሮች መመረታቸው ይቀንሳል፤ አውጥተው ቢያሞቁትም ሙሉ በሙሉ አይመለስለትም። ወጥ ውስጥ ሲቁላላ ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችላል። ጥሬውን ሲበላ ግን የሚቀረው ቀይ ቀለምና ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ቲማቲም ጠረጴዛ ላይ ይደር።

ብዙ የምግብ መጽሐፍ ዘሩንና ዝልግልግ ፈሳሹን አውጥታችሁ ጣሉ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የቲማቲም ጥፍጥና ትልቁ ድርሻ ያለው እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሥጋን፣ የቆየ አይብንና እንጉዳይን የሚያጣፍጠው ግሉታሜት በዘሩ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ከሥጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዘር የሚያወጡት ሳልሳው ውሃ እንዳያቆር ፈርተው ነው። መፍትሔው ሌላ ነው፦ ጨውን መጨረሻ ላይ ማግባት። ጨው የተከተፈ ቲማቲም ሲነካ ከውስጡ ውሃ ይስባል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ሥር ኩሬ ይሠራል። ሊቀርብ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጨው ቢደረግበት ጣዕሙ ለመዋሐድ ጊዜ ያገኛል፣ ውሃውም ገና አይበዛም። ከበዛም በማንኪያ ቀድቶ መቀነስ ነው። ያን ፈሳሽ መድፋት ግን ነውር ነው፤ ከሎሚው ጋር ተዋሕዶ ከሳህኑ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ሽንኩርቱ ከቲማቲሙ አንሶ፣ የምስር ፍሬ አክሎ ይከተፋል። ጥሬ ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይን የሚያስለቅሱት የሰልፈር ውሁዶች በተከተፈው ላይ ይቀራሉና በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ በወንፊት ማጥለል ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ሳልሳው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሽንኩርት ሽንኩርት ብቻ ሲለው ይገረማል። ቢላዋው ስል መሆን አለበት። የደነዘ ቢላዋ ቲማቲሙን አይቆርጠውም፤ ይጨፈልቀዋል፤ ያኔ በቢላዋ ልንሠራ ያሰብነው ወደ ሌላኛው ዓይነት ሳይታሰብ ይገባል።

የድንብላል ቅጠል ላይ ሰው ይጣላል። ግማሹ ያለሱ ሳልሳ የለም ይላል፤ ሌላው ሳሙና ሳሙና ይለኛል ብሎ ሳህኑን ይገፋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሳሙና የሚሸታቸው ሰዎች ከአንድ የማሽተት ዘረ መል ጋር የተያያዘ ልዩነት እንዳላቸው በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እኛ አገር በብዙ ቤት የሚታወቀው ዘሩ ነው፤ በደቡቡ ዳጣ ውስጥ ግን ድንብላሉ እርጥቡን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይፈጫል። ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ የበላ ሰው የሜክሲኮው ማባያ ሲቀርብለት ባይተዋር አይሆንም።

ስለ ቃሪያው ጥቂት እንበል። የማቃጠሉ ምንጭ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ዘሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ የሚመረተው ግን ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው። ዘሩ የሚያቃጥለው ከዚያ ስለተነካካ ነው። ስንግ ለመሥራት ቃሪያ ሰንጥቀው ውስጡን የሚፍቁ እናቶች ነገሩን ከኬሚስቶች በፊት ያውቁታል። አሜሪካዊው የመድኃኒት ቀማሚ ዊልበር ስኮቪል በ1912 የቃሪያ ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠነ፣ ቀማሾች ማቃጠሉ አልታወቀንም እስኪሉ ድረስ በመቁጠር መለኪያ አወጣ። በእሱ ስም በሚጠራው መለኪያ ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000፣ ሴራኖ ከ10,000 እስከ 23,000፣ የዩካታኑ ሀባኔሮ ከ100,000 በላይ ይቆጠራል። ሃላፔኞ ስሙን ያገኘው በቬራክሩዝ ግዛት ካለችው ከሃላፓ ከተማ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ስንግ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በእሱው ነው። ለጀማሪ ሳልሳ ሃላፔኞ ወይም የእኛው ቃሪያ ይበቃል፤ ሀባኔሮን ልምድ ላለው መተው ነው።

ካፕሳይሲን ምላስን በእውነት አያቃጥልም። ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲነካን አደጋ ብሎ የሚጮኸውን የነርቭ ተቀባይ ያታልለዋል። ይህን ተቀባይ በ1997 ለይቶ ያወጣው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ካፕሳይሲን ስብ እንጂ ውሃ ስለማያሟሟው አፉ የነደደ ሰው ውሃ ቢጠጣ ትርፉ ማዳረስ ነው፤ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል። ቃሪያ የከተፈ እጅም ዓይን ከመንካቱ በፊት በሳሙና በደንብ ይታጠብ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ሞልካሄቴ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጠርቦ የሚሠራ፣ ሦስት እግር ያለው ጎድጓዳ ሙቀጫ ነው። ተሆሎቴ የሚባለው መውቀጫው ከዚያው ድንጋይ የሚወጣ፣ በጭብጥ የሚያዝ ዱልዱም ነው። ጓናሁዋቶ ግዛት ውስጥ ያለችው ኮሞንፎርት በዚህ ጠራቢነት የታወቀች ናት። ድንጋዩ በተፈጥሮው ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ የውስጡ ገጽ ሁልጊዜ ሻካራ ነው፤ ሥራውን የሚሠራለትም ይህ ሻካራነት ነው። ከእንጨትና ከብረት ሙቀጫችን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘነዘናውን አንስተን እንወቅጣለን፤ ተሆሎቴ ግን ከግድግዳው ጋር እየተጫነ ይዞራል። ሥራው ከመውቀጥ ይልቅ በመጅ ወደ መፍጨት ይጠጋል።

አዲስ ሞልካሄቴ ተገዝቶ በቀጥታ አይሠራበትም፤ አሸዋ ያበላል። በመጀመሪያ በብሩሽና በውሃ ይታጠባል፤ ሳሙና ቀዳዳው ውስጥ ስለሚቀር አይነካውም። ከዚያ አንድ ጭብጥ ጥሬ ሩዝ ገብቶ ዱቄት እስኪሆን ይፈጫል። የመጀመሪያው ዱቄት ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ይደፋል፣ ሌላ ሩዝ ይገባል፣ እንደገና ይፈጫል፤ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ መቀጠል ነው። በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ተፈጭቶበት ይታጠባል። ክንድ ያዝላል፤ ይሁን እንጂ አንዴ ከተገራ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ነው። ገበያ ላይ ከሲሚንቶ በቅርጽ የተጣለ አስመሳይም አለ። የእሱ ዱቄት ስንት ጊዜ ቢፈጩበት አይነጣም፤ እንዲህ ያለውን ለአበባ ማስቀመጫ ማዋል ነው።

በድንጋይ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ድንጋዩ ላይ በመጀመሪያ ጨውና አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይገባል። የጨው እህል እንደ አሸዋ እየፋቀ ነጭ ሽንኩርቱን በአንድ አፍታ ልም ያደርገዋል። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ያን ያህል አይሸትም። ሽታውና መፋጀቱ የሚፈጠረው ሕዋሱ ተሰብሮ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ በደቀቀ ቁጥር ይበረታል። በቢላዋ የተከተፈው ለስለስ፣ በድንጋይ የላመው ጠንከር የሚለው ለዚህ ነው። ሎሚ ቀድሞ ከገባ ግን ኮምጣጣው ይህን ሂደት ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ሎሚ መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ቃሪያው ገብቶ ይልማል። ቲማቲሙ የሚገባው ከሁሉ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነው፤ ገና ከጅምሩ ከገባ ፈሳሹ ድንጋዩን ያሙለጨልጨውና ቃሪያው ሳይደቅ በሙሉ እየዋኘ ይቀራል። ቲማቲሙ እስኪልም አይፈጭም። ገሚሱ ቀልጦ ገሚሱ ቁርጥራጭ ሲሆን ይቆማል። ሽንኩርቱ በቢላዋ ተከትፎ ከላይ ይነሰነሳል፤ ድንጋዩ ውስጥ ከተፈጨ ይመርራልና።

ለሦስተኛው ዓይነት እሳት የሚገባው ከዚህ በፊት ነው። ሜክሲኮዎች ቶርቲያ የሚጋግሩበት ኮማል የሚባል ዝርግ ምጣድ አላቸው፤ ድሮ የሸክላ፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የብረት ነው። ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ከነልጣጩ ያለው ነጭ ሽንኩርት ያለ ምንም ዘይት በጋለው ኮማል ላይ ይደረደራሉ። እያገላበጡ ይጠብቋቸዋል። የቲማቲሙ ቆዳ መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ጭማቂው ምጣዱን ሲነካ ጭስ ብሎ ይሸታል። ነጭ ሽንኩርቱ በልጣጩ ውስጥ ይለሰልሳል፣ መፋጀቱን ይተዋል። የጠቆረው ቆዳ ሁሉ አይላጥም፤ ጥቂቱ አብሮ ሲፈጭ ነው ያ የሚያጨስ ጣዕም የሚመጣው። የጭቃ ምጣድ ላለው ሰው ከኮማል የተሻለ ዕቃ አለው ማለት ነው። የሌለው ወፍራም መጥበሻ ይጠቀም፤ ቲማቲሙን በሹካ ወግቶ በቡታጋዝ ነበልባል ላይ ቢለበልበውም ይሆናል።

አረንጓዴው ሳልሳ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእሳት ወይም በውሃ ከበሰለ ቶማቲዮ ነው። ቶማቲዮ በደረቅ ወረቀት መሰል ሽፋን ተጠቅልሎ የሚያድግ፣ ሲገልጡት እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ያልበሰለ ቲማቲም አረንጓዴ ስለሆነ ይተካዋል የሚሉ አሉ። መልኩን እንጂ ጣዕሙን አይተካም። አሜሪካ ያለ ሰው በየላቲኖ ሱቁ ያገኘዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ግን ቀዩን ቢሠራ ይሻለዋል።

ጁስ መምቻስ? ይሠራል፣ ሜክሲኮም ውስጥ በብዙ ቤት የሚሠራው በእሱ ነው። ችግሩ ስለቱ ቲማቲሙን ሲመታ አየር እያስገባ መሆኑ ነው። ጥሬ ቲማቲም ቢመታ ቀዩ ወደ ሮዝ ይለወጣል፣ አረፋም ያቆራል። በአጭር በአጭሩ ቆም እያሉ መምታትና ሲያልቅ ጥቂት ማሳረፍ ይረዳል። ለተጠበሰ ቲማቲም ምንም አይል፤ ለጥሬው ግን ቢላዋ እያለ ጁስ መምቻ ማንሳት አያስፈልግም።

በብልቃጥ ታሽጎ የሚሸጠው ሳልሳ ሌላ ታሪክ ነው። ዴቪድ ፔስ የተባለ ሰው በ1947 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ፔስ የተሰኘውን ማባያ ማምረት ጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሳልሳ በሽያጭ ገንዘብ ከኬቸፕ በለጠ ተብሎ ጋዜጦች ጉድ አሉ። በገንዘብ ማለት በመጠን አይደለም፤ የሳልሳ ዋጋ ይወደዳልና። በ1995 ደግሞ ካምቤል የሾርባ ኩባንያ ፔስን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። የብልቃጡ ሳልሳ እንዳይበላሽ የግድ ይበስላል፤ ስለዚህ እስካሁን ካልነው ጥሬ ማባያ ጋር ዝምድናው የስም ያህል ነው።

ቤት የተሠራውን ጥሬ ሳልሳ አሽጎ ለወራት ማስቀመጥ የሚያምራቸው ይኖራሉ። አይሞከር። አየር በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ እንዳያድግ ምግቡ በበቂ የኮመጠጠ፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው መለኪያ ከ4.6 በታች መሆን አለበት። ቲማቲም እዚያው ድንበሩ ላይ ነው፤ ቃሪያና ሽንኩርት ሲጨመሩ ኮምጣጣነቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ድንበሩም ይታለፋል። መመረዙ በዓይንም በአፍንጫም አይታወቅም። በፍሪጅ ግን ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቀመጥ ጥሩ ነው።

ከማስቀመጥ የሚቀድመው ግን ማጠብ ነው፤ ጥሬው ማባያ እሳት የማያየው ምግብ ነውና። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ከ1,400 በላይ ሰዎች በሳልሞኔላ ታመሙ። መጀመሪያ ጥፋተኛ የተባለው ቲማቲም ነበር፤ ሰው ጥሬ ቲማቲም እንዳይበላ ተነገረ፣ ገበሬዎችም ከሰሩ። በኋላ ሲጣራ ምንጩ በዋናነት ከሜክሲኮ እርሻ የመጣ ሃላፔኞና ሴራኖ ቃሪያ ሆኖ ተገኘ። ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ሳህን ውስጥ አብረው ስለሚበሉ የታመመ ሰው የትኛው እንደጎዳው ሊለይ አልቻለም ነበር። ስለዚህ ቃሪያውም ቲማቲሙም ከመቆረጡ በፊት በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እየታሸ ይታጠብ፤ የድንብላሉ ቅጠልም ሥሩ ላይ አፈር ይዞ ስለሚመጣ በሰፊ ሳህን ተነክሮ ይዘፍዘፍ። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሳልሳ አይከተፍ።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጨውና ሎሚ የሚቀመሰው ከሚበላበት ነገር ጋር ነው። በማንኪያ ብቻውን ሲቀመስ ልክ የሆነ ሳልሳ ቶርቲያ ላይ ሲያርፍ አልጫ ይሆናል። እንጀራ ላይ ሲሆን ግን እንጀራው ራሱ ስለሚኮመጥጥ ሎሚውን በግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ከድንች፣ ከዳቦና ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ከሆነ እንዳለ ይሁን። ለማግሥቱ የተረፈው እንደ መጀመሪያው ቀን ስለማይጥም ሜክሲኮዎች ወደ እሳት ይመልሱታል፦ ወይ ጥቂት ዘይት ላይ ተንተክትኮ እንቁላል ይመታበታል፣ ወይ የደረቀ ቶርቲያ ተቆራርጦ ተጠብሶ ይፈረፈርበታል። ይህን ሁለተኛውን ቺላኪሌስ ይሉታል፤ የሚበላው ጠዋት ነው።